የግራው ማጠፊያ

ቤቱ ተዘርፎ ባዶ መቅረቱን ከሰው አገር ሆኖ በስልክ የሚሰማ ሰው መጀመሪያ ስለ ምን የሚጠይቅ ይመስላችኋል? እኔ ስለ ወርቅ፣ ስለ ቴሌቪዥን፣ ቢያንስ ስለ ፍሪጅ ይመስለኝ ነበር። ጦርነቱ ከካርቱም ራቅ ብሎ ኔትወርክ በተመለሰ ሰሞን ግን፣ ዐማራት በሚባለው ሰፈር በየግቢው የቀረን ዘበኞች፣ ሱዳኖቹ «ገፊር» የሚሉን፣ ስልካችን ከካይሮና ከጅዳ እየተደወለ ሲጮህ ይውል ጀመርና ስለ ሰው ልጅ የነበረኝን ግምት አስተካከልኩ። ከእኛ ሦስት ግቢ አልፎ ያለው ዘበኛ ለእመቤቱ ሶፋው የለም፣ አልጋው የለም፣ የመኝታ ቤቱ በርም የለም ብሎ ሲጨርስ፣ ሴትዮዋ «የሻይ ማጥለያዬስ? ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ነበረ» አሉት። ማጥለያው ነበረ። ዘራፊ ማጥለያ ምን ያደርግለታል? ሴትዮዋ ከካይሮ እልል አሉ።

እኛ ዘበኞች በዚህ ስንሥቅ ሰነበትን። ክፋት አልነበረበትም፤ ከስንት ጊዜ በኋላ የሚያሥቅ ነገር ማግኘታችን ራሱ ደስ ብሎን ነው። በኋላ ሳስበው ግን ሴትዮዋ ልክ ነበሩ። ቤት ሙሉ ዕቃ ጠፋ ሲሉት ሰው በየት በኩል ይያዘው? አንዲት ትንሽ ነገር ይፈልግና እሷን ጨብጦ ይቆማል። ይህን የምላችሁ ከመጽሐፍ አንብቤ እንዳይመስላችሁ፤ ያስተማረኝ አንድ የተሰበረ የመኪና ማጠፊያ ነው።

አሠሪዬ ባሽሙሃንዲስ ሃሺም ይባላሉ። ባሽሙሃንዲስ መሐንዲስ ማለት ነው፤ ሱዳን ውስጥ መሐንዲስ ጡረታ ቢወጣም ማዕረጉ ከስሙ አይወርድም። እኔ ፀጋዬ ነኝ። «ፀ» ምላሳቸው ላይ አልሆን ስላላቸው እሳቸው ሰጋይ ይሉኛል፤ እኔም በዚያው ስም ዐሥራ አራት ዓመት አቤት ብያለሁ። ባለቤቴ ዘነበች ምግባቸውን ታበስላለች፣ እኔ በሩን እጠብቃለሁ፣ አትክልቱን አጠጣለሁ፤ የምንኖረውም እዚያው ግቢ ጥግ ካለችው አንድ ክፍል ነው።

ባሽሙሃንዲስ በዚህ ዓለም ላይ አጥብቀው የሚወዱት ሁለት ነገር ነበራቸው። አንደኛዋ ሚስታቸው ናቸው። ሁለተኛዋ በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ፣ አረንጓዴ፣ ባለ ሁለት ወንበር የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ናት። ወጣት መሐንዲስ ሳሉ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ገዙዋትና ሙሽራቸውንም በእሷ ወሰዱ፤ የሙሽራዋ ቀሚስ አልገባ ብሎ ግማሹ በመስኮት ወጥቶ እየተውለበለበ ሄደ ብለው ሲያወሩ አሁንም ይሥቃሉ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ጧት እኔ መኪናዋን አጥባለሁ፣ እሳቸው መሪውን ይዘው ይቀመጣሉ። ሞተር አያስነሡም፤ የትም አይሄዱም። የጎኑ ወንበር ባዶ ነው። እኔም ወደዚያ ወገን ስደርስ መስታወቱን ቀስ ብዬ ነው የማጥበው።

ጦርነቱ የመጣው የመኪናዋ ሞተር ለእድሳት ወርዶ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ከሚባለው ሰፈር ወዳለ ጋራዥ በተላከ ሳምንት ነው። ጎማዎቿም ወልቀው አራት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ይሄው አተረፋት። በየመንገዱ የቆመ መኪና ሁሉ እየተነዳ ሲሄድ እሷን ማን ይንዳት? ባሽሙሃንዲስ አንድ ሻንጣ ይዘው ወደ ካይሮ የወጡ ዕለት የቤቱንና የመኪናዋን ቁልፍ እጄ ላይ አኖሩ። አደራ አላሉኝም። እጄን ጨብጠው ትንሽ ቆዩና ሄዱ። አደራ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።

እኔና ዘነበች የምንሄድበት ስላልነበረን ቀረን። የዚያን ጊዜውን ነገር በዝርዝር አላወራላችሁም፤ እናንተም ምሳችሁን በሰላም ብሉ። ብቻ ሰዎች መጡ፣ ወሰዱ፣ ሄዱ። ሌሎች መጡ፣ የተረፈውን ወሰዱ። መጨረሻ የመጡት የሚወሰድ ሲያጡ የኤሌክትሪክ ሽቦውን ከግድግዳው ውስጥ እየመዘዙ ጠቀለሉ። የመኪናዋን የኋላ ዕቃ መጫኛ ያዩት ከመሐል የመጡት ናቸው። ተቆልፏል። የተቆለፈ ነገር ሲያይ ወርቅ የማይሸተው ዘራፊ የለም። «ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ልክፈትላችሁ፤ ባዶ ነው» ብል ማን ይስማኝ? በመቆለፊያው በኩል አልበገር ሲላቸው ዲጂኖውን ከክዳኑ በግራ በኩል ማጠፊያው ሥር ሰክተው ለሦስት ተጫኑት። ማጠፊያው ተሰባበረ። ከውስጥ አንድ ክሪክና አንድ የደረቀ ጨርቅ ተገኘ። ክሪኩን ወሰዱ። ጨርቁን ትተውልናል፤ መቼም አይጨክኑም።

ከዚያ ወዲያ ክዳኑ በቀኙ ማጠፊያ ብቻ ተንጠልጥሎ፣ አንድ ወገኑ ወደ መሬት ዘምሞ፣ ለማየት የሚያሳፍር ሆኖ ቀረ።

ባሽሙሃንዲስ የደወሉ ዕለት እውነቱን ብቻ ልነግራቸው ወስኜ ነበር። ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ሳሎኑስ? የለም። መጻሕፍቱስ? ሻይ አፍልተውባቸዋል። የውሃ ፓምፑ? የለም። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ? የሉም። በሮቹ? ከግቢው በር በቀር አንድም የለም። በየመልሴ ማብቂያ «አልሐምዱሊላህ፤ ነፍስ ይበልጣል» ይላሉ። ድምፃቸው የሥራ ቦታ የሚጎበኝ ሰው ድምፅ ነበር፣ ደረቅና የረጋ። ጨርሰናል ብዬ ልሰናበት ስል አስቆሙኝ። ከዚያ በጣም ቀነስ ባለ ድምፅ «መኪናዋስ፣ ሰጋይ?» አሉኝ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ባሽሙሃንዲስን ዋሽቻቸው አላውቅም።

«ደህና ናት» አልኩ። «ምንም አልሆነችም።»

ስልኩ ውስጥ ሰውየው ሲያለቅሱ ሰማሁ። ቤት ሙሉ ንብረት የለም ስላቸው ያላለቀሱ ሰው፣ መኪናዎ ደህና ናት ስላቸው አለቀሱ። በመጨረሻ «ከዘጠኝ ቀን በኋላ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ» ብለው ዘጉ።

ዘነበች ከጀርባዬ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«ምንም አልሆነችም?» አለችኝ። «ክዳኗ ተገንጥሎ መሬት ሊነካ ነው እኮ!»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«ሌላውን ያልከውን። እውነቱን።»

«ሌላውን ሁሉ እውነት ነግሬያቸዋለሁ፤ አንዷ ብታልፈኝ ምናለበት?»

«አንተን ታልፍሃለች፤ ሰውየው ግን ዓይን አላቸው» አለች። «ጎረቤት ያሉት ዘበኛቸውን ከዘራፊዎቹ ጋር ተካፍለሃል ብለው አስይዘውታል። እኛን በምን ያምኑናል? ሌላውን ሁሉ እውነት ብትናገርም በዚህች በአንዷ ይይዙሃል።»

ሚስቴ ስትቆጣ ልክ የመሆን መጥፎ ልማድ አላት። ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ሲነጋ ግን መላው ታየኝ። የዋሸሁትን ማረም አልችልም። እውነት ላደርገው ግን ዘጠኝ ቀን አለኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ሐበሻ የሚበዛበት ሳጃና ሰፈር ነው። እዚያ ከቀሩት ሐበሾች የማይታወቅ ነገር የለም። ባሕሪ የኢንዱስትሪው ሰፈር ውስጥ ዐም ሲዲግ የሚባሉ ሽማግሌ ብረት ሠራተኛ ተመልሰው ሥራ ጀምረዋል አሉኝ። ዐም አጎት ማለት ነው፤ እዚህ ለትልቅ ሰው ሁሉ ይባላል። በማግሥቱ የተሰባበረውን የግራ ማጠፊያ ቁርጥራጭ ሰበሰብኩ፤ አንዱ ቁራጭ ጠፍቶ ስላጣሁት ለናሙና እንዲሆን ደህናውን የቀኙንም ፈታሁና ሁለቱን በዚያው ከዘራፊዎች በተረፈው ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ብሎኖቹን ኪሴ ከትቼ፣ ረክሻ፣ በእኛ ባጃጅ፣ ይዤ ወደ ድልድዩ ወጣሁ።

አሁን እስቲ እናንተ ፍረዱ። ከተማው ተዘርፎ ያለቀ ነው። በየድልድዩ ላይ ወታደሮች የተሰረቀ ዕቃ ይፈልጋሉ። እኔ የውጭ አገር ሰው ነኝ፤ የመኖሪያ ፈቃዴ ጊዜው ያለፈው የሚያድሰው መሥሪያ ቤት ከመቃጠሉ በፊት ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ የመኪና ዕቃ ይዣለሁ። አንጎል ያለው ሰው እንዲህ ሆኖ ድልድይ ይሻገራል? እኔ ይህ ሐሳብ የመጣልኝ ወታደሩ ረክሻውን አቁሞ «ውረድ» ሲለኝ ነው።

ጺሙ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ረጅም ሰው ነው። ጨርቁን ፈታው። ብረቱን አየ። እኔን አየ።

«ሸፍሻፊ ነህ?» አለኝ። በዚህ ጦርነት ዘራፊ ማለት እንዲህ ሆኗል።

«ኧረ በአላህ! የአሠሪዬ መኪና ነው። ሊሠራ ነው የምወስደው።»

«አሠሪህ የት አሉ?»

«ካይሮ።»

«ካይሮ ያለ ሰው እዚህ መኪና ያሠራል?» ከጎኑ ያለው ሌላው ወታደር ሣቀ። ሽበታሙ አልሣቀም። «ደውልላቸው። እኔ ላነጋግራቸው።»

ብደውል ባሽሙሃንዲስ ማጠፊያው መሰበሩን ይሰማሉ፤ ምንም አልሆነችም ያልኳቸው ውሸት መሆኑን ይረዳሉ፤ ይህችን የዋሸ ሌላ ምን ዋሽቷል ይላሉ። ባልደውል ደግሞ ከረክሻው የምወርደው ወደ እስር ቤት ነው፤ ከዚያም ወደ ድንበር የሚጭኑኝ ይመስለኛል፤ ዘነበችም ወዴት እንደሄድኩ አታውቅም። ስልኩን አወጣሁ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ሳትኩት። ወታደሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁላችንም እንድንሰማ ያዘው።

«ሰላም አለይኩም» አለ። «ሰጋይ የሚባል ሐበሻ ድልድይ ላይ ይዘናል። የያዘው ዕቃ የእርስዎ ነው ይላል።»

«ምን ዓይነት ዕቃ?» አሉ ባሽሙሃንዲስ።

«የመኪና የኋላ ክዳን ማጠፊያ። አንዱ ተሰባብሯል።»

ዝምታ ሆነ። በስልኩ ውስጥ የካይሮ መኪና ጥሩምባ ይሰማል። እኔ የድልድዩን ብረት አየሁ፣ ውሃውን አየሁ። ያ ዝምታ ምን ያህል እንደቆየ ብትጠይቁኝ ከጦርነቱ ይረዝማል እላችኋለሁ።

«አዎ፣ የእኔ ነው» አሉ። «አሠርተው ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። ዐሥራ አራት ዓመት ቤቴ የኖረ ሰው ነው፤ ልቀቁት።» ከዚያ ደግሞ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና «ብሎኖቹን እንዳይጥል ንገርልኝ። እነዚያ ብሎኖች አሁን አይገኙም» አሉ።

ወታደሩ ስልኩን መለሰልኝና «ብሎኖቹን እንዳትጥል» አለኝ። ኪሴን መታ መታ አደረግሁለት። አለፍኩ።

ረክሻው ውስጥ ገብቼ ድልድዩን እስክንጨርስ ትንፋሼን አልሰበሰብኩም። ደስታ ነው ልላችሁ አልችልም፤ ኀፍረትም ነው ማለት አልችልም። ሁለቱም ረክሻዋ ላይ አብረውኝ ተሳፍረዋል። አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ፣ ዋሽቶኛል ብሎ ባወቀባት በዚያችው ደቂቃ፣ ለእኔ ሲል ሲዋሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ዐም ሲዲግን አንድ የኒም ዛፍ ሥር አገኘኋቸው። ወርክሾፓቸው ጣሪያ የለውም። ትልልቁ ማሽን ሁሉ ተነቅሎ ሄዷል፤ የቀረላቸው ከሲሚንቶው ጋር የተጣበቀ ሞርሳ፣ የእጅ መሰርሰሪያና ጥቂት ሞረድ ነው። ቁርጥራጩን እያገላበጡ አዩት።

«ይበየድልኛል?» አልኳቸው።

«ይሄ?» አሉ። «ይሄ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ደካማ ብረት ነው። እሳት ብታሳየው እንደ ቅቤ ይፈስልሃል። አዲስ ነው የሚሠራለት፤ ከጠንካራ ብረት።»

«ጠንካራ ብረት ከየት ይመጣል?»

በአገጫቸው ወደ ደጃፋቸው አመለከቱ። ተቃጥሎ የቀረ የጦር ፒክአፕ ቆሟል። «እሱን እንኳ አላህ ይስጣቸው፣ ትተውልኛል» አሉ።

ከፒክአፑ ላይ ወፍራም ብረት ቆርጠው፣ ደህናውን የቀኙን ማጠፊያ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ እየለኩና እየሞረዱ፣ እያጎበጡና እየሰረሰሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሠሩ። እኔ ብረቱን እይዛለሁ፣ እሳቸው ያወራሉ። ልጆቻቸው ግብፅ ናቸው። ብቻቸውን የተመለሱት እጃቸው ሥራ ሲፈታ ሌሊት ስለሚያማቸው ነው። ሲጨርሱ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጡ። ወላሂ፣ አንዱ የሌላው መንትያ ነው። ከጥንቱም ያማረ ሆነ። ሳምኳቸው፤ ወደ ቤቴ ገሠገሥኩ።

ድልድዩ ላይ ያው ሽበታም ወታደር አቆመኝ። «እስቲ ሥራውን አሳየኝ» አለ። በኩራት ፈታሁለት። አንዱን በግራ እጁ፣ አንዱን በቀኝ እጁ ይዞ ገጠማቸው። አዟዟራቸው። ቅንድቡን ሰበሰበ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ማጠፊያ ነው፤ አዲስ የተሠራ።»

«ማጠፊያ መሆኑንማ አያለሁ። ሁለቱም ቀኝ ናቸው እኮ።»

አልገባኝም። ሁለት እጁን ዘረጋልኝ፤ መዳፍ ለመዳፍ ገጠማቸው፤ ከዚያ ሁለቱንም ወደ አንድ ወገን አዞረና «እጅህ ሁለቱም ቀኝ ቢሆን እንዴት ታጨበጭባለህ?» አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ዐም ሲዲግ የቀኙን ሲያዩ የቀኙን ሠርተዋል። ከፊታቸው የነበረውን በሚገባ፣ ምንም ሳያጓድሉ ገልብጠዋል። መገልበጥ የነበረበት ግን እንደ መስታወት ነበር።

«አንተ ይሄን በምን አወቅህ?» አልኩት።

«ይሄን ልብስ ሳልለብስ አናጢ ነበርኩ» አለ። «ኦምዱርማን ውስጥ የሰቀልኩትን በር ቁጥሩን አላውቀውም።» ወዲያው ፊቱ ጠቆር አለና ወደ ወንዙ ዞረ። በሮቹ አሁን የት እንዳሉ ሁለታችንም እናውቃለን። ማጠፊያዎቹን መልሶ ጠቀለለልኝና «ቤትህ ሳትደርስ አሁኑኑ ተመለስ። ሳይመሽ ትደርሳለህ፣ ያላ!» አለኝ።

ዐም ሲዲግ ሲያዩኝ ሊዘጉ ነበር። ነገርኳቸው። ማጠፊያዎቹን ተቀብለው ገጠሙ፣ አዩ፣ እንደገና ገጠሙ። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ሲያልፍ አየሁና የመጣሁበትን ጠላሁት። ከዚያ ግን ሣቁ። መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ቀጥሎ በትከሻቸው፣ በመጨረሻ እንባቸው እስኪመጣ።

«አርባ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ» አሉ። «ይሄው ቀኜንና ግራዬን ሳላውቅ ቀረሁ! ሰው ሁለት ዓመት ሲሸሽ ይሄም ይጠፋዋል ለካ።»

እኔም ሣቅኩ። ተያይዘን፣ ጣሪያ የሌለው ቤት ውስጥ፣ ሁለት ቀኝ ማጠፊያ ይዘን ሣቅን። ሁለተኛውን ለመሥራት የመጀመሪያውን ግማሽ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ እጃቸው አሁን ሞቋል። ሲጨርሱ መዳፋቸውን እንደ ወታደሩ ገጥመው አረጋገጡ። ትርፉን ቀኝ ማጠፊያ ምስማር ላይ ሰቀሉትና «ይሄ እዚህ ይቀራል፤ ስኮራ ያየኛል» አሉ። ስመለስ አናጢው ወታደር ከሩቅ አየኝና መዳፉን ለመዳፉ ገጥሞ ጠየቀኝ። ገጥሜ መለስኩለት። አሳለፈኝ።

በማግሥቱ ጧት እኔና ዘነበች ልንገጥመው ተሰለፍን። ክዳኑን እሷ ከፍ አድርጋ ያዘች፣ እኔ ከሥር ሆኜ ብሎኑን አስገባለሁ። በአንድ በኩል ስናስተካክለው በሌላው ይነሣል፤ ወደ ግራ ስንገፋው ቀለሙን ሊፍቅ ይደርሳል።

«ዝቅ አድርጊው።»

«ዝቅ ነው ያደረግሁት።»

«ትንሽ ወደ አንቺ።»

«ወደ እኔ አልመጣ ይላል፤ ወደ አንተ ሂድለት» ትለኛለች። ትዳር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው የመኪና ክዳን ከሚስቱ ጋር እንዲገጥም እመክረዋለሁ። በስተመጨረሻ ብሎኖቹን ጠበቅ አደረግሁና ክዳኑን በአንድ ጣቴ ገፋሁት። ምንም ሳይንገራገጭ ወረደ። ጠርዙ በዙሪያው እኩል ገጠመ። «ጥ» ብሎ ተዘጋ።

ዘነበች ወገቧን ይዛ አየችው። ከፍቼ እንደገና ዘጋሁት። እሷም ከፈተችና ዘጋች። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ግቢ ነገር ሲሰበር እንጂ ሲገጥም ሰምተን አናውቅም። ተራ በተራ ስንከፍትና ስንዘጋ ቁርስ ሰዓት አለፈን።

ይሁን እንጂ ያልተዘጋ ነገር አለ። ባሽሙሃንዲስ ከድልድዩ ስልክ በኋላ ደግመው አልደወሉም። ስድስት ቀን፣ ሰባት ቀን ቆጠርኩ። ማታ ማታ የምላቸውን እለማመዳለሁ። ዘነበች «ይቅርታ በላቸውና ዝም በል» አለችኝ። ይቅርታ ለማለት የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነው፤ እኔ ያዘጋጀሁት አንድ ሰዓት የሚፈጅ ንግግር ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት መጡ። ከስተዋል፤ ከዘራ ይዘዋል። አንድ ሻንጣ ይዘው እንደወጡ አንድ ሻንጣ ይዘው ተመለሱ። ዘነበችን ሰላም አሉ፣ እኔን አቀፉ፣ ወደ ቤቱ ገቡ። አልተከተልናቸውም። በር የሌለው ቤት ውስጥ የሚራመድ ሰው ኮቴ ከሁሉም ክፍል እኩል ይሰማል። ሳሎን ደረሱ፤ መኝታ ቤት ደረሱ፤ እዚያ ቆዩ። ወጥ ቤት። ከዚያ በጓሮ በኩል ወጥተው ወደ መኪናዋ መጡ።

አልተቀመጡም። በቀጥታ ወደ ኋላዋ ሄዱ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ቁልፉን ሰጠኋቸው። ከፈቱ። ክዳኑ ሽቅብ ሄደና ቆመ። ጎንበስ ብለው አዲሱን ማጠፊያ አዩ፤ በጣታቸው ዳሰሱት። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር በሙሉ ጠፋኝ።

«ባሽሙሃንዲስ፣ ያን ዕለት በስልክ…» ስል እጃቸውን አነሡ።

«አንተ ለእኔ አንድ ዋሸህ። እኔ ለአንተ አንድ ዋሸሁ» አሉ። «ኸላስ፣ አለቀ።» ቀጥለውም ወደ ማጠፊያው ተመልሰው «ይሄን የሠራው ሰው ማነው? በጣም ጎበዝ ነው» አሉኝ።

ስለ ሁለቱ ቀኞች ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። የዐም ሲዲግ ጉዳይ ነው።

ከደረቴ ላይ ምን እንደወረደ ልነግራችሁ አልችልም። ዘነበች ግድግዳውን ተደግፋ ፊቷን በነጠላዋ ስትጠርግ አየሁ፤ አቧራ ነው አለች። አቧራ አልነበረም።

ባሽሙሃንዲስ ወደ ቤቱ ተመለከቱ፤ ወደ ሻንጣቸው ተመለከቱ። ቁም ሳጥን የለም፣ መሳቢያ የለም፣ የሚዘጋ ክፍል የለም። ሻንጣቸውን ራሳቸው አንሥተው መኪናዋ ውስጥ አስቀመጡና ቆለፉ። በማግሥቱ የመድኃኒታቸውን ከረጢት ጨመሩ። በሦስተኛው ቀን የማጥለያዋ ሴትዮ ልጅ መጣና «እናቴ የቤቷን ካርታ እዚህ ብናስቀምጥ ደስ ይላታል፤ የሚቆለፍ ነገር ያለው እናንተ ጋ ነው አሉን» አለ። ተቀበሉት። ቀጥሎ የማዶው ጎረቤት የሦስት ልጆቹን የትምህርት ማስረጃ በላስቲክ ጠቅልሎ አመጣ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያች ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና የመንገዳችንን ሰው በሙሉ ጫነች። ባሽሙሃንዲስ ማን ምን እንዳስቀመጠ በመሐንዲስ ጽሑፍ አስፍረው፣ ጧት ጧት ከፍተው ያዩና ይዘጋሉ። እንደ ድሮው ዝም ብለው መሪውን ይዘው ከሚቀመጡ ይሄ ይሻላቸዋል መሰለኝ፤ ሥራ አገኙ።

አንድ ቀን «የእናንተስ?» አሉኝ።

«የእኛ ምን?»

«ወረቀታችሁ ነዋ። ፓስፖርት፣ የጋብቻ ወረቀት። የት ነው የምታስቀምጡት?»

ፍራሽ ሥር መሆኑን ነገርኳቸው። ተቆጡ። ዘነበች ሄዳ በጨርቅ እንደታሠረ አመጣችው፤ ጊዜው ያለፈ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ምስክር፣ ሁለት ያረጁ ፓስፖርቶች። ባሽሙሃንዲስ ተቀብለው ክዳኑን ከፈቱ። የራሳቸውን ፓስፖርት አነሡ፣ የእኛን ከሥር አደረጉ፣ የራሳቸውን መልሰው ከላይ አስቀመጡት። ዘነበች ይሄ አልተዋጠላትም።

«ለምን ከሥር?» ብላ በአማርኛ አንሾካሾከችልኝ። ዞር ብለው አዩኝ፤ ተረጎምኩላቸው።

ባሽሙሃንዲስ ክዳኑን በአንድ ጣታቸው ገፉት።

«ሌባ ከላይ ያገኘውን ነው የሚያነሣው» አሉ።